በከር መርዶ ይዞ የመጣበት ሳምንት

እያንዳንዱ ሰፈር መርዶ ለመንገር የሚላክ አንድ ሰው አለው፤ ይህ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መርዶ መንገር የማይችል ሰው ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ ተማክሮ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጠበቃውን ትቶ፣ መምህሩን ትቶ፣ አፉ የማይያዘውን ደላላ ትቶ፣ በመጨረሻ የሚመርጠው ያንኑ ሰውዬ ነው። የእናንተ ሰፈር ሰውዬ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የልደታው በከር ይባላል።

ክቡር በከር ለዚህ ሹመት የበቃው በፊቱ ነው። ፊቱ ረጅም ነው። ዓይኖቹ ከንጋት ጀምሮ ሲያለቅሱ የዋሉ ይመስላሉ። ሰርግ ቤት ገብቶ ሲያጨበጭብ እንኳ የሙሽራዋ ዘመዶች እርስ በርስ እየተያዩ «ምን ሆኖ ነው?» ይባባላሉ። ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተስፋሚካኤል አንድ ቀን ትክ ብለው አዩትና «ይሄ ልጅ ምንም ባይናገር እንኳ ፊቱ ይበቃል» አሉ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነው። በከር ቃላቸውን እንዳለ ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ተናግሮ አያውቅም።

የመጀመሪያ ተልእኮው ሰንጋ ተራ ሱቅ ያለው ሰላሁን ዘንድ ነበር። የሰላሁን ወንድም ወልቂጤ አርፎ ዕድሩ በከርን ከሁለት አዛውንት ጋር ላከው። አዛውንቶቹ ውጭ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። በከር ገባ። ስኳር ገዛ። ስለ ዘይት ዋጋ ጠየቀ። ከዚያ የተዘበራረቀ የሳሙና ካርቶን አየና ያስተካክል ጀመር። አዛውንቶቹ ፀሐይ ሲያቃጥላቸው አንዱ አንገታቸውን አስገብተው በሹክሹክታ «ነገርከው?» አሉት።

«አለሳልሼዋለሁ» አለ በከር።

ልደታ ውስጥ «አለሳልሼዋለሁ» ማለት እስካሁን ምንም አልተናገርኩም ማለት ነው። በመጨረሻ የሱቁን በር ዘግቶ «ማነው የሞተው?» ብሎ የጠየቀው ራሱ ሰላሁን ነው። ሳሙና የሚደረድር ልጅ ሁለት ሽማግሌ በር ላይ አስቀምጦ እንደማይመጣ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ሙያው ሕግ አለው፤ በከር ደግሞ ሕጉን እንደ ሃይማኖት ይጠብቃል። መርዶ ለባዶ ሆድ አይነገርም፤ ሰውየው እህል መቅመስ አለበት። እንቅልፍም ማግኘት አለበት። ሰዓቱ ጠዋት መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው ተነስቶ መርዶ አይነግርም፤ ቢያንስ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ልደታ ይህ ሁሉ አይቸግርም፤ በዕድሜ የገፋ ሰው እንደልብ ነው። የሚቸግረው ቱርክ ነው።

ቱርክ የገባነው የትምህርት ዕድል አግኝተን ነው፤ እኔ አንካራ፣ እሱ ቡርሳ። በግማሽ ዓመቱ እረፍት አንድ ጠዋት ከማደሪያዬ ስወጣ በከር በሩ ላይ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«እረፍት አይደል? አገር እንይ ብዬ ነው» አለኝ።

በከር አገር አይቶ አያውቅም። ቡርሳ ሁለት ዓመት ኖሮ የሚያውቀው ከአልጋው እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ግራ ገብቶኝ ሳየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቁርስ በልተሃል?» አለኝ።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አወቅሁ። ከቤቴ ሰው ሞቷል፤ ይህ ሰውዬም ሊነግረኝ ተልኮ መጥቷል። ማን እንደሞተ ብቻ ነው ያላወቅሁት። ሦስት ሰዎች ነበሩኝ። እናቴ፣ እህቴ አማል፣ እና ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ሙከሚል፣ ተክለ ሃይማኖት ልብስ ሰፊ የነበሩት። የለበስኩትን ካፖርት የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እጅጌው እስከ ጣቶቼ ጫፍ ይደርሳል። «ጋሼ፣ ረዘመ እኮ» ስላቸው «ገና ታድግበታለህ» አሉኝ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።

«ማነው?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። በከር እስካልተናገረ ድረስ ሦስቱም በሕይወት አሉ። «እሺ፣ አገር እንይ» አልኩት።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስልኬን መውሰድ ነው። «የኔ ባትሪ አልቆበታል፤ መንገድ የምናይበት ያንተ ይሁን» አለና ኪሱ ከተተው። ሳምንቱን ሙሉ አልመለሰልኝም። እኔም መልስልኝ አላልኩትም። ዓርብ ዓርብ የምትደውልልኝ አማል ሳትደውል ያለፈችበት ዓርብ ትዝ አለኝና ስልኩ እሱ ኪስ ውስጥ መሆኑ ደስ አለኝ።

ከዚያ መብላት ተጀመረ። እንደዚያ ሳምንት በልቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ደክሞኝ አያውቅም። አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ኬክ ሲያድል በከር የራሱን ለኔ ይሰጣል፤ ከፊታችን የተኛውን ሰውዬ ኬክ ሳይቀር ዓይኑን ይጥልበታል። መኪናው በቆመ ቁጥር ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ይዞ ይመጣል። «እህል ቅመስ፣ ሙስአብ።» እቀምሳለሁ። «እንቅልፍ ወሰደህ?» አዎ። «ደህና ተኛህ?» አዎ፣ በከር፣ ደህና ተኛሁ። ፊቴን ያየኛል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አፉን ይከፍታል። ከዚያ «ወይራ ጨምርልህ?» ይላል።

የሄድንበትን መንገድ የመረጠው የአገሩ ውበት እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። በከር ሽማግሌ እየፈለገ ነበር። ኮንያ የሄድነው እዚያ አንድ አበሻ አለ ስለተባለ ነው። ዳዊ የሚባል የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ ተማሪ ነው፤ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ በደስታ ተቀበለን። በከር ገና እጁን ሳይለቅ «ስንት ዓመትህ ነው?» አለው።

«ሃያ ሁለት።»

«አይ» አለ በከር በሀዘን።

ዳዊ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ያየኛል። «እዚህ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው የለም?» አለ በከር። ዳዊ አስቦ አስቦ ከቤት አከራዩ በቀር ማንም እንደሌለ ነገረን። አከራዩ ቱርካዊ ናቸው፤ ሰማንያ ሳያልፋቸው አይቀርም። በከር ቆም ብሎ በቁም ነገር አሰበበት። በማግስቱ ጠዋት ከሽማግሌው ጋር ሻይ ቀርቦልን ተቀመጥን። በከር ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌው ከአማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ የበከርን ፊት ግን እንዳዩ መቁጠሪያቸውን አወጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጉ ጀመር። ሁላችንም አሚን አልን። በዚያው ተበተንን።

አንታሊያ ባሕር አለ። የልደታ ልጅ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ መንገዱ የሚይዘው ነው። ካፖርቴን ለብሼ፣ እጆቼን እጅጌው ውስጥ ደብቄ፣ ዳሩ ላይ ቆምኩ። በከር የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ይዞ መጣ። ደክሞኝ ነበር። ሳላስበው የሱን ሙያ በሱ ላይ ጀመርኩ።

«እናቴ ይሄን ብታየው» አልኩ ዓይኔን ውሃው ላይ እንዳደረግሁ።

«ኧረ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት» አለ እያላመጠ።

በደንብ ዋጠ። እናቴ በሕይወት አለች።

«አማል ደግሞ ፎቶ ስታነሳ ስልኳ ነበር የሚሞላው።»

«አማል? እሷማ ያንተንም ትወስድብሃለች» አለና ሳቀ። በዚያ ፊቱ ሲስቅ ማየት እንዴት እንደሚያሳርፍ። እህቴም አለች።

የሦስተኛውን ሰው ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ነፋስ ነበር። «ዓሣው ይጣፍጣል» አልኩት። እሱም ሳይጠየቅ ሌላ ሊያመጣ ሄደ።

ኢዝሚር ላይ በከር በስንት ማጠያየቅ አቶ ገብረየሱስን አገኘልን። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የመርከብ መካኒክ ሆነው ዓለምን ዞረው እዚያ የቀሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከዘራ ያላቸው ሰው ናቸው። በከር ከዘራውን ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ። ቤታቸው ወሰዱን፤ አሁንም ዓሣ ቀረበ። በከር «አባባ፣ አንዴ ላናግርዎት» ብሎ ወደ ማብሰያ ቤት ይዟቸው ገባ። ሹክሹክታ ሰማሁ። ረጅም ዝምታ፣ ትንሽ ሹክሹክታ፣ ሌላ ረጅም ዝምታ። መቼም እያለሳለሰው ነው።

በሩ ተከፈተ። አቶ ገብረየሱስ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ወጡና በከርን ግጥም አድርገው አቀፉት። «አይዞህ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናህ። አጎት ማለት እኮ አባት ነው።»

በከር «አሜን» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ፤ ተቆጥተዋል። «አንተስ፣ ጓደኛህ አጎቱ ሞቶበት እንዲህ ሆኖ እያየህ ዓሣ ትበላለህ?»

በከር አጎት የለውም። እናቱም አባቱም ለወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ ናቸው፤ ልደታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ያ ረጅም ፊት እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መስማት አለመስማቴን ፊቴ ላይ ይፈልግ ነበር፤ የሚለምነኝ ይመስል ነበር። እኔም ዓይኔን ወደ ሳህኑ መለስኩና ዓሣዬን በላሁ። ጋሼ ሙከሚል ሞተዋል። የምበላው ነገር ወደ የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር፤ ግን በላሁ። አቶ ገብረየሱስ እስክንወጣ ድረስ አላናገሩኝም። በር ላይ ለበከር ሁለት ብርቱካን ሰጡት፤ ለኔ ምንም አልሰጡኝም።

በመጨረሻው ጠዋት ኢስታንቡል ነበርን። በከር ተጣጥቦ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠበቀኝ። ሽማግሌ የለም። በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ጠዋት ነው። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን የምስር ሾርባ አዘዘልኝ። ግማሽ እስክደርስ ጠበቀ።

«ሙስአብ… ጋሼ ሙከሚል ትንሽ አሟቸው ነበር።»

ሾርባዬን ጠጣሁ።

«ሆስፒታል ገብተው ነበር።»

ፊቴን አየና ፈራ። «ግን ትንሽ ሻል ብሏቸው ነበር» አለ ቶሎ ብሎ። «ተነስተው ቁጭ ሁሉ ብለው ነበር። ሾርባም ጠጥተዋል።»

በዚህ አያያዙ ጋሼን ከሆስፒታል አስወጥቶ፣ ታክሲ አሳፍሮ፣ ተክለ ሃይማኖት ሱቃቸው ሊመልሳቸው ነው። ዝም ብዬ ብተወው ደስ ባለኝ። ግን ለኔ ሌላ ሾርባ ሊያዝ እጁን ሲያነሳ አላስቻለኝም። እጁን ያዝኩት።

«በከር፣ ከኢዝሚር ጀምሮ አውቃለሁ።»

ዓይኑ ሞላ። «አላለሳለስኩትም ማለት ነው?»

«አለሳልሰኸዋል።»

ከዚያ እሱ አለቀሰ። ምግብ ቤቱ ዞሮ አየን፤ አስተናጋጁ ለበከር ውሃ አመጣለት፤ አይዞህ የምለው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ሲረጋጋ «መቼ ንገረው ነበር ያሉህ?» አልኩት።

«አንካራ እንደደረስኩ፣ ጠዋቱን። እናትህ ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ነው የላኩኝ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ባሕር አይተህ አታውቅም ነበር። ከነገርኩህ በኋላ ብታየው፣ ወደፊት ባሕር ባየህ ቁጥር ይሄ ነው የሚታወስህ። እሱ እንኳ ይትረፍለት ብዬ ነው።»

እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት። እጅጌዬ ረጅም ነውና እንባዬን ለመጥረግ መሀረብ አላስፈለገኝም። ባሕሩ በእርግጥ ተረፈልኝ፤ ዛሬም ባሕር ሳስብ የሚታየኝ በከር በወረቀት ዓሣ ይዞ ሲመጣ ነው። የምስር ሾርባ ግን አልተረፈም። አሁን እንኳ ሰው ቤት ሲቀርብልኝ አመመኝ ብዬ እመልሳለሁ።

ሁለታችንም ተመልሰን ልደታ ነን። ባለፈው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ሐዋሳ የምትማረው ኢክላስ አባቷ አርፈውባት፣ ማን ሄዶ ይንገራት የሚል ውይይት ነበር። አንዱ በስልክ ይነገራት አለ። ሌላው ፈጠን ያለ ሰው ይላክ አለ። ጋሽ ተስፋሚካኤል አርጅተዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀው «በከር አለ፣ ግን እሱ ሳምንት ይፈጅበታል» አሉ።

በስብሰባ ላይ መናገር አልወድም። ተነሳሁ። «እሱን ላኩት፤ ሳምንት ይፍጅበት» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ የጋሼን ነገር አስታወሱ መሰለኝ፣ የተቃወመ አልነበረም።

ስንወጣ በከር በሩ ላይ ጠበቀኝ። ያ ረጅም ፊቱ ተጨንቋል።

«ልጅቷ ዓሣ ትበላለች?» አለኝ።

«ትበላለች» አልኩት።

ትናንት በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። እስካሁን አልደወለም። ኢክላስ ዛሬም አባት አላት።