«አለ» ሲጠብቅና ሲላላ

ሰው የሚገዛው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ቢበላሽ ሄዶ የሚጮህበትን በርም አብሮ ይገዛል። ባለሱቁ ጎረቤታችን ሐጂ የሸጡልን ጃንጥላ በመጀመሪያው ዝናብ ቢገለበጥ፣ ዝናቡ ሳያባራ ደጃቸው ላይ እንቆማለን። ሐጂ ሱቃቸውን ተሸክመው አይጠፉማ! እኔ ግን በር ከሌለው ሱቅ ገዛሁ። ለምን ቢሉ፣ ሕግ ስላለ ነዋ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ንባብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቃል የት ላይ እንደሚጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚላላ ለይቶ የማያነብ ተማሪ አይሆንላቸውም ነበር፤ «አንዲት ፊደል ብታላላ ትርጉም ትገድላለህ» ይላሉ። ያ ጆሮ ደከመ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመኑ «እግዚኦ» ብሎ ሲጨርስ እሳቸው ብቻቸውን ቀጠሉ፤ አጠገባቸው አንዱ ሳቀ። ሳቁን አልሰሙም፣ ፊቱን ግን አዩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ መሄድ ቀረ። ዓባይ ማዶ ካለው ቤታችን ደጅ ይቀመጡና ሰው አስቀድሶ ሲመለስ ያያሉ። እንዴት አንጀት ይበላል መሰላችሁ!

ታዲያ ስሙ ታማኝነትን የሚሰብክ አንድ የቴሌግራም ሱቅ ላይ ለደከመ ጆሮ የሚሆን መስሚያ መሣሪያ አየሁና ጮኼ ነገርኋቸው። «ዋሱ ማነው?» አሉኝ። እሳቸው መራዊ ገበያ በሬ ሲገዙ እንኳ ሻጩ ዋስ ካልጠራ ገመዱን አይጨብጡም። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ዋሱ ሕጉ ነው፤ በኢንተርኔት የሚነግድ ሰው ስምና አድራሻውን ያሳውቃል፣ እንደ ቃሉ ያልሆነ ዕቃም መልሶ ይቀበላል ተብሎ ታውጇል አልኋቸው። በራዲዮ የሰማሁትን ነው እንግዲህ፤ ራሴ ያረቀቅሁት ይመስል! አባቴ ግን አመኑኝ። ለእሑድ ብለው ጋቢያቸውን አሳጠቡ።

ከፈልሁ። ዕቃው ቅዳሜ መጣ። ወጣቱ ባጃጅ ውስጥ ዘፈን የሚሰማበት ተራ ማዳመጫ! አባቴ ግን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱትና ጠበቁ። ቆይተው፣ «ገና አልጀመረም?» አሉኝ።

ድሮ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሯጭ ይቆም ነበር አይደል? እኔም ለሻጩ «በሕግ አምላክ» ብዬ ጻፍሁለት። አነበበው። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። አቤት ልል ንግድ ቢሮ ሄድሁ፤ የተቀበለችኝ ልጅ በትሕትና፣ የሻጩን ስምና አድራሻ ይዘህ ና አለችኝ። እኅቴ፣ አድራሻውን ባውቅማ አንቺ በር ላይ ምን ገተረኝ? ሚስቴም ደውዬ ይህን ስነግራት በስልክ ልታዝዝ ያሰበችውን ጫማ ትታ ሐጂ ዘንድ ሄደች።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል፤ የታጠበው ጋቢ እንደታጠፈ ጉልበታቸው ላይ ነው። ዋስህን ጠራኸው ወይ አሉኝ። አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ፣ «አባ፣ ሕግ አለ!» ብዬ ጮኽሁ፤ «ለ»ን አጥብቄ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ።

ያ ጥብቁና ላላው የማያመልጠው ጆሮ አላልቶ ሰማው። እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደኔ ዘንበል አሉና፣ «ምን አለ?» አሉኝ።

መልሱን እየጠበቁ ነው። የእሳቸው ጆሮስ ደክሟል፤ እኔም በደኅናው ጆሮዬ፣ ሕጉ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።