ኅዳር አሥራ ሁለት ላይ የከመርኩት

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው፤ ወሩ ኅዳር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ይቆነጥጣል፣ አምባሰል ላይ አንድም ደመና የለም።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ሞፈር የጨበጥኩ ሰው ነኝ፤ ንግግርም አላበዛም። ስለ ቀን ግን የምለው አለኝ። የተማረ ሰው መከራውን በቀንና በዓመት ይጽፈዋል። እኛ ገበሬዎች ግን «የጊዮርጊስ ማግስት»፣ «የማርያም ለት» እያልን በታቦት እንይዘዋለን። ደህና አያያዝ ነው። የሠርጋችሁን ቀን ረስታችሁ ከሚስታችሁ የተኳረፋችሁ፣ በታቦት ብትይዙት ኖሮ ባልጠፋችሁ ነበር።

በእኔ ቤት የመከራው ቀን ኅዳር አሥራ ሁለት ነው፤ የሚካኤል ለት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የአባቴ አንድ የቀረው በሬ እግሩን የሰበረው በዚያ ቀን ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ውጫሌ በጭፈራ ከደመቀች በኋላ፣ በሚቀጥለው ኅዳር ቤቴ የተቃጠለው በዚያው ቀን ነው። ጦርነቱ ደርሶ ከብት እየነዳን የተሰደድነውም በዚያው ቀን። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፦ ሚካኤልን ተሳልሞ ከመመለስ በቀር ከቤቴ ማንም በዚያ ቀን ምንም ነገር አይጀምርም። ሕጌን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አላብራራም።

ዘንድሮ ልጄ ብርቄ ጠየቀችኝ። በስደቱ ጊዜ ደብተሯን ከብርድ ልብሱ ጋር አስራ የተሸከመች፣ በሰው ቤት ጥግ ይዛ ያነበበች ልጅ ናት። ፈተናዋን አለፈች። ከቤታችን የመጀመሪያዋ ናት። ደሴ ያለው የመምህራን ኮሌጅ ጠራት። ምዝገባው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ኅዳር አሥራ ሁለት።

«አይሆንም» አልኳት።

«አባ፣ ቀኑ ካለፈ እኮ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ይስጡት።»

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዴት እንደሄደች ያወቅሁት በዋዜማው ጠዋት ይማም ከደጄ ሲቆም ነው። ይማም የድንበር ጎረቤቴ ነው። እሱ መስጊድ፣ እኔ ደብር እንሄዳለን እንጂ ያረስነውም የተሰደድነውም አብረን ነው።

«አንተ፣ ልጅቱ ምን አድርጋህ ነው?» አለኝ።

«ቀኑን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። የአባትህ በሬ ምን ሲያደርግ ነበር የተሰበረ?»

«ያችን ጥቂት ጤፍ ሲያበራይ።»

«በሚካኤል? አባትህ? ወላሂ፣ አባትህ እንኳን አውድማ ሊያስረግጥ፣ በሚካኤል እንጨት የፈለጠን ጎረቤት ሰላም አይልም ነበር።»

ዝምታ ልማዴ ስለሆነ መሸነፌ አያስታውቅም።

«ቤትህ የተቃጠለ ለት ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ አይደል ጭሱን ያየን? ያን ዓመት ሚካኤል የዋለው ረቡዕ ነው። ብርቄ በስልኳ አውጥታ አሳየችኝ።»

«ስንሰደድስ?»

«ስንሰደድ ጥቅምት ነበር። ሚካኤል ሲነግሥ እኮ በሰው አገር ነን። አንተ የማታውቀው ደብር ገብተህ ስታስቀድስ፣ ደጅ ላይ አህያህን ይዞ የቆመ ማን ነው? ነክሳኛለች። የተነከስኩበትን ቀን አልረሳም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ኅዳር አሥራ አራትን ማን ያስታውሳል? ከበዓሉ ወዲህም ወዲያም የወደቀውን መከራ ሁሉ እየሰበሰብን ትልቁ በዓል ላይ እንከምራለን። ታሪክ ጸሐፊዎችም እንዲህ እንዳያደርጉ እሰጋለሁ። እኔማ ስንት ዘመን መልአኩን ባልዋለበት ስከሰው ኖሬያለሁ።

«እንግዲህ ቀኑ ነፃ ነው» አለ ይማም ሲወጣ። «አባትየው ግን ያጠራጥራል።»

ብርቄን ጠርቼ «ዕቃሽን እሰሪ» አልኳት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። እሷም ከዚያ በላይ አልጠበቀችም።

በማግስቱ ማልደን ሚካኤልን ተሳለምንና ሳጥኗን በትከሻዬ ይዤ ውጫሌ ወረድን። የመኪናው ረዳት ሳጥኑን ወደ ላይ ሊወረውር ሲል «ቀስ አድርገው፤ የአስተማሪ ዕቃ ነው» አልኩት። ገና አልተመዘገበችም፤ አውቃለሁ። ብርቄ ዞራ አየችኝ፤ እኔ ወደ ጎማው አየሁ።

ሐሳቤ ሸኝቼ መመለስ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ግን እግሬ ወደ ቤት አልሄድ አለኝ። መኪናው ላይ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሐይቅን ውሃ በመስኮት እያየን አለፍን፤ ባለፈው ዓመት በዚያው ዳር ከብት እየነዳን፣ ዞር ብለን ሳናየው አልፈን ነበር።

ኮሌጁ ግቢ ሰልፉ ረጅም ነው። ዘበኛው «ወላጅ ውጭ ይጠብቅ» አለኝ። ዱላዬን ተደግፌ አየሁት፤ ደግሞ አልተናገረኝም። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከመስኮቱ የልጄን ስም ከነስሜ ጠራች።

ከብርቄ ቀድሜ፣ ግቢው እስኪሰማ፣ «አቤት» አልኩ።