እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚበራው አምፖል

የልጆች መጫወቻ ካርቶን ላይ «ከስምንት ዓመት በላይ» ተብሎ ሲጻፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከስንት ዓመት በታች እንደሆነ ግን የሚጽፍ የለም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እኔን የመሰለ አርባ ያለፈው አባት መጫወቻውን ከልጁ ቢቀማ ምን ብላችሁ ትከሱታላችሁ?

ለሥራ ወልድያ ሄጄ ስመለስ ለልጄ ለሐና የሳይንስ መማሪያ መጫወቻ ይዤላት ወደ ከተማችን መርሳ ገባሁ። ካርቶኑ ውስጥ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽርና አንድ ጉደኛ ዘንግ አለ። የዘንጉን አንዱን ጫፍ አንዱ ሰው፣ ሌላውን ጫፍ ሌላው ይይዛል፤ በቀረው እጃቸው ሲጨባበጡ መሃል ላይ ያለችው አምፖል ቦግ ትላለች። ኤሌክትሪኩ በሰው ገላ ዞሮ ይመጣል ማለት እኮ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ሐና ዘንጉን ያገኘችው እኔ ምሳ ስበላ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የውሃ አባታችን ሼህ ይማም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ መጡ። የውሃ አባት የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣላውንም የሚዳኝ ሰው ነው። ጎረቤቴ ሰይድ «በተራዬ ውሃዬን ጠልፎ ብርቱካኑን አጠጣበት» ብሎ ከሶኝ እሱም አብሯቸው መጥቷል። እኔ ደግሞ ቦዩ በራሱ ጊዜ ፈረሰ ብዬ ድርቅ ብያለሁ። ውሸታም የተባለው የአንድ ወር ተራውን ያጣል፤ በዚህ ሙቀት አንድ ወር ውሃ ያላየ ብርቱካን ደግሞ ማገዶ ነው።

ዱዓ ተደርጎ ነገሩ ሊጀመር ሲል የሼህ ይማም ዓይን ሐና የያዘችው ዘንግ ላይ አረፈ። ምንነቱን ጠየቋት፣ አስረዳቻቸው፤ ካላየን አሉ። ከእኔ ጋር ስትጨባበጥ አምፖሏ ቦግ አለች። ማሻአላህ ተባለ። ከሰይድ ጋር ተጨባበጠች። ምንም። ደግማ ሞከረች፤ ጭል እንኳ አላለችም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይሄ ዕቃ እውነተኛውን ሰው ሳይለይ አይቀርም ብለው ቀለዱ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ቆይቶ ማንም አልሳቀም። ሰይድ ዶማ ያሻከረውን መዳፉን አገላብጦ አየና «ወላሂ አልዋሸሁም» አለ ቀስ ብሎ። እኔስ? መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለምን እንዳልበራ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ሳይንስ ራሱ ሊፈርድልኝ ከተነሳ እኔ ማን ነኝና እቃወማለሁ? ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሐናን ግን ነገሩ ከነከናት። ብድግ ብላ ከጆግ ውሃ ቀድታ የሰይድን መዳፍ አራሰችና እንደገና ጨበጠችው። አምፖሏ በራች።

ሼህ ይማም ምክንያቱን ጠየቋት። ደረቅና ሻካራ እጅ ኤሌክትሪክ እንደልብ እንደማያሳልፍ፣ እርጥብ እጅ ግን እንደሚያሳልፍ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ሼሁ እንደ ልጅ ተገርመው አዳመጧት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ።

«የአባትሽስ እጅ ያለ ውሃ እንዴት አበራ?»

«እሱማ እናንተ በበር ከገባችሁ ጀምሮ እጁን አልቦት ነበር» አለች ሐና። «ለምን እንዳላበው ግን መመሪያው ላይ አልተጻፈም።»