ሱፐርቫይዘሩን የዋጠው ኮከብ

ሙቅ ቦታ ትልቅ ነገር አይወለድም! ቆላ ያላችሁ አንባቢዎቼ አትቀየሙኝ... እንጅባራ ላይ ጠዋት ጠዋት ጥርሴ ሲንገጫገጭ የምጽናናው በዚህ ነው። ደግሞ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ የሰማይ ሕግ ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል ግን... ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ መውረድ ሲገባኝ አልፌው እንጅባራ የደረስኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ከኋላ ተቀምጠው የታዘቡኝ ሱፐርቫይዘር፣ አቶ አለኸኝ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ጠሩኝና፦

«የኔ ልጅ፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አሉኝ። «በሚቀጥለው ካልሰማሁሽ ግን ቋሚ ትሁን ብዬ አልፈርምም።»

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደረሰ። በዚያ ቀን ርዕሳችን ትልልቅ ኮከቦች እንዴት መወለድ እንደሚጀምሩ ነበር። «ድምፄ ባይደርስ ዓይን ይድረስ» ብዬ ተማሪዎቼን ሜዳ አወጣኋቸው። ጭጋጉ የባንዲራውን እንጨት ውጦታል።

«ዛሬ እናንተ ጋዝ ናችሁ» አልኩ።

«ቲቸር፣ እኔ ምን ዓይነት ጋዝ ነኝ?» አለ የክፍሉ ቀልደኛ ሙሉቀን።

«ሃይድሮጅን።»

«ብርቱካንስ?»

«እሷም ሃይድሮጅን። አብዛኛው ያው ነው።»

«በቃ፣ ከስም ጥሪ ተገላገሉ!»

ሳቁ ሲበርድ ቀጠልኩ። ጋዝ ሲሞቅ ይሯሯጣል፤ ስበት አይችለውም። ሲቀዘቅዝ ግን አቅሙ ይደክማል፤ ያኔ ስበት ቀስ እያለ ይሰበስበዋል። ኮከብ የሚጀምረው እንዲህ በቀዘቀዘና ጥቅጥቅ ባለ ደመና ውስጥ ነው።

«በሉ፣ ሞቋችኋል፤ ሩጡ!» ሮጡ። «አሁን በረዳችሁ፤ ቀስ በሉ!» ይሄኛውን ማስመሰል እንኳ አላስፈለጋቸውም። «ትልቅ ኮከብ የሚሆነው፣ ወፈር ያለው ክምችት በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየሳበ ሲያድግ ነው። ስለዚህ ወፈር ወዳለው ተጠጉ!»

ምነው ምላሴን በቆረጠው!... ልክ ይህን እንዳልኩ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ግዙፍ ነገር ብቅ አለ። ከካፖርቱ ላይ ጋቢ የደረበ፣ ወፍራም፣ ሙቀቱ ከሩቅ የሚያስጎመጅ። አቶ አለኸኝ ናቸው!

«ያውና ወፍራሙ!» አለ ሙሉቀን።

ክፍሉ በሙሉ ተመመ። አንዱ ጋቢያቸው ውስጥ ገባ፣ ሌላው ከጀርባቸው ተለጠፈ፣ የቀረው በላይ በላዩ ተደረበ። «ኧረ ልጆች! ኧረ በሕግ!» የሚለው ድምፃቸው ከመሃል እየቀጠነ ሄደ። የሚፈርሙልኝ ሰው ዓይኔ እያየ በሃይድሮጅን ተዋጡ!

«ልቀቋቸው!!!»

ማን ነው የጮኸው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ለካ እኔ ነኝ! እመኑኝ፣ አስፋልቱ ላይ የሚሄድ የጋሪ ፈረስ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ቆመ። ተማሪዎቹም መላቀቅ ጀመሩ።

ከመሃል የአቶ አለኸኝ እጅ ወጣ። አለቀልኝ አልኩ።

«ሰምቼሻለሁ፣ እፈርማለሁ!» አሉ። «ግን እባክሽ አትበትኛቸው፤ ገና አሁን መሞቄ ነው!»

እነሆ! የተሰበሰበ ጋዝ እየተጨመቀ ሲሄድ ይሞቃል። ለመዝጊያ ያስቀመጥኳትን ነጥብ ራሳቸው አስተማሩልኝ።

ቃላቸውን አክብረው ፈረሙ። ሲሰናበቱኝ በደስታ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ለሚቀጥለውም ይምጡ እንጂ! ትልቅ ኮከብ ሲያረጅ እንዴት እንደሚፈነዳ ነው የምናየው» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ያን ቀን እንኳ... አዘና ከተማ ስብሰባ አለብኝ።»