ኬንያ ላይ መኪናው አልቆመም

[ሆሳዕና፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት። የአዲስ አበባው አውቶብስ ይገባል። ጡረታ የወጡት ትኬት ቆራጭ ጋሽ ጠና እንደ ሁልጊዜው ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ የኮታቸውን ቁልፎች ይቆልፋሉ፤ የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወርድ ያያሉ። ከዚያ ቁልፎቹን ፈትተው ይቀመጣሉ። የወንድማቸው ልጅ ሊሻን ስልካቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች።]

ጋሽ ጠና፦ የት ደረስን?

ሊሻን፦ «ውድ ልጄ» ላይ።

ጋሽ ጠና፦ እስካሁን?

ሊሻን፦ «ውድ» ይሁን «የተከበርክ» ይሁን እያሉ ነበራ።

ጋሽ ጠና፦ መነጽሬ ባይሰበር አንቺን አልለምንም ነበር። እስቲ የጠየቀኝን ድገሚልኝ።

ሊሻን፦ [ታነባለች] «አባባ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ የጥገኝነት ወረቀቴን አናድስም አሉኝ። ይግባኝ ልበል ወይስ ልምጣ? ጠበቃው ዛሬ መልስ ይፈልጋል። አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ። ሶፎንያስ።»

ጋሽ ጠና፦ ይሄ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሬዲዮ ላይ ሰምቻለሁ፤ አዲስ የፖሊሲ ሰነድ አውጥተዋል። ሰው ጥገኝነት መጠየቅ ያለበት መጀመሪያ በደረሰበት ሰላም አገር ነው እያሉ ነው።

ሊሻን፦ ሶፊ መጀመሪያ የት ደረሰ?

ጋሽ ጠና፦ ኬንያ።

ሊሻን፦ ኬንያ ሰላም አይደለም እንዴ?

ጋሽ ጠና፦ ሰላም ነው።

ሊሻን፦ ታዲያ ለምን እዚያ አልጠየቀም?

ጋሽ ጠና፦ መኪናው አልቆመማ።

ሊሻን፦ ታንዛኒያስ?

ጋሽ ጠና፦ ሸራ ሥር ነበር። አገሪቱን አላያትም።

ሊሻን፦ ማላዊስ?

ጋሽ ጠና፦ ማላዊ ታስሮ ነበር።

ሊሻን፦ እዚያ እንኳ ቆሟል።

ጋሽ ጠና፦ ነገር አታወሳስቢ። ስደተኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከአደጋ የሚሮጥ፣ ሌላው ሥራ ፍለጋ የሚሄድ። ጥገኝነት የሚሰጠው ለሚሮጠው ነው።

ሊሻን፦ ሶፊ እየሮጠ ነው የሄደው።

ጋሽ ጠና፦ ከምን?

ሊሻን፦ ወደ አዲሎ የሚሄደው መኪና ሊያመልጠው። ቦርሳውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት።

ጋሽ ጠና፦ አስተማሪዎችሽ እንዴት ቻሉሽ? የእኛም መንግሥት ቢሆን ሠልጥናችሁ፣ ተመዝግባችሁ፣ ውል ይዛችሁ ሂዱ ነው የሚለው።

ሊሻን፦ ሶፊ አልተመዘገበም ነበር?

ጋሽ ጠና፦ ደላላው ጋ ተመዝግቧል።

[ከቅርቧ ከተማ ከሞርሲቶ ሚኒባስ ይገባል። ጋሽ ጠና ዞርም አይሉም።]

ጋሽ ጠና፦ ጻፊ። «ይግባኝ በል። ታገሥ። ፖሊሲ ይለዋወጣል። እዚህ የጎደለ ነገር የለም፤ ስለ እኔ አታስብ።»

ሊሻን፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?

ጋሽ ጠና፦ ስለ ማላዊ ከሆነ አይሆንም።

ሊሻን፦ የአዲስ አበባው ሲገባ ለምንድነው የሚነሱት?

ጋሽ ጠና፦ እግሬ ይደነዝዛል። ላፍታታው ብዬ ነው።

ሊሻን፦ ለሞርሲቶው አይደነዝዝም?

ጋሽ ጠና፦ ለሞርሲቶው አይደነዝዝም።

ሊሻን፦ ኮቱስ? እሱም ለእግርዎ ነው?

ጋሽ ጠና፦ [ሻዩን ያማስላሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል] አንድ ቀን ሳይደውል ቢመጣስ? ከስንት ዓመት በኋላ አባቱን ተዝረክርኮ ተቀምጦ ያግኘው?

ሊሻን፦ እና ና ይበሉታ።

ጋሽ ጠና፦ አልልም። ና ብዬው በኋላ ቢቆጨውስ? «ባዶ እጁን መጣ» የሚለው ሰው አይጠፋም። መሬት ሸጬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ናፍቆት አልመልሰውም። የሕግ ነገር በሕግ ይመለስ። ያቺን የአውቶብሷን ነገር ደግሞ እንዳትጽፊ። ሌላውን ሁሉ ጻፊ፣ እሷን ብቻ ተያት።

ሊሻን፦ እሷን ብቻ።

ጋሽ ጠና፦ ቶሎ ስለማይገባሽ ነው የምደጋግመው።

ሊሻን፦ ገብቶኛል ጋሼ። [አንገቷን አቀርቅራ ትጽፋለች] ላክሁት።

ጋሽ ጠና፦ አሁኑኑ? የፖሊሲው ሰነድ አለበት?

ሊሻን፦ የለበትም።

ጋሽ ጠና፦ ይግባኙስ?

ሊሻን፦ ረዘመብኝ።

ጋሽ ጠና፦ ታገሥ ያልኩትስ?

ሊሻን፦ እሱን እርስዎ ይያዙት ብዬ ተውኩት።

[ስልኩ ይጮኻል።]

ጋሽ ጠና፦ እሱ ነው? ምን ይላል?

ሊሻን፦ «ትኬት ልቆርጥ ነው» ይላል።

ጋሽ ጠና፦ [ሳያውቁት ቆመዋል] ሕጉን እንኳ ሳይረዳ? አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት?

ሊሻን፦ [ታነባለች] «አባትህ የአዲስ አበባው አውቶብስ በገባ ቁጥር ኮታቸውን ቆልፈው ይነሳሉ።»