ጣሪያ አይቶ የሚተክዝ ሰው

መብራት የገባበት ከተማ ሁሉ ጣሪያ አይቶ የሚተክዝ አንድ ሰው አለው። ይህን የምለው ብዙ ከተማ አይቼ አይደለም፤ ከወሎ ተነስቼ መቀሌ ስደርስ እግሬ ደከመና እዚሁ ቀረሁ። ግን ነጋዴዎቹ ሲያወሩ እሰማለሁ። ደሴም አለ፣ አስመራማ በየመንገዱ ነው ይላሉ። ቤታችሁ ይገባል፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፣ ከዚያ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል። ያን ጊዜ ዋጋው እንደጨመረ እወቁት።

የእኛው ኣያ ወልደአማኑኤል ይባላል፤ ኣያ በትግርኛ ጋሼ እንደ ማለት ነው። የምሰሶዎች አለቃ፣ የአምፖሎች ንስሐ አባት፣ ክቡር ኣያ ወልደአማኑኤል! በጣልያን ጊዜ ከመቀሌ አጠገብ ኲሓ በሚባለው ካምፕ ውስጥ ሽቦ ሲዘረጋ ነበር። ጣልያን ሲወጣ እሱ ሙያውንና አንድ ጉጠት ይዞ ቀረ። ማታ ማታ ተነስቶ ለከተማው መብራት የሚሰጠው ሞተር ባለቤት አለው፤ እስከ ምሰሶው ድረስ ያለው ሽቦም የባለሞተሩ ነው። ከምሰሶው እስከ ቤታችሁ ያለው ግን የኣያ ወልደአማኑኤል ግዛት ነው።

እኔ መስጊዱ አጠገብ ሻሂ ቤት አለኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ፊደልም የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ስለሆነ ስህተት ብታገኙ እለፉት። የፋኖሱ ጭስ ግድግዳዬን ሲያጠቁረው ጊዜ እኔም እንደ ሰው መብራት ላስገባ ብዬ ጠራሁት። ገባ። አየ። ተነፈሰ።

«ምነው ኣያ? ጣሪያው ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ተነፈስክ?»

«ሐሰን ሓወይ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «ሽቦ ጠፍቷል። አስመራ ራሷ ተቸግራለች።»

አስመራ በእሱ አፍ ተቸግራ የማታውቅበት ቀን የለም። ሽቦ ሲጠፋ ተቸግራለች። መኪና ሽቦ ጭኖ ሲመጣ «መጣ፣ ግን ቀጭን ነው» ይላል። ወፍራም ሲመጣ «ወፍራሙንማ ማን ይችለዋል?» ይላል። እኔ አስመራን ሳላያት አዘንኩላት።

ሽቦ የሚሸጠው እንደ አቡጀዲ በክንድ ነው። እንግዲህ የኣያ ወልደአማኑኤልን ክንድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ የሕፃን ያህል ናት። ሰው ሁሉ ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያደርገው እኔም የራሴን ክንድ ይዤ ሄድኩ፤ የአጎቴን ልጅ ሸረፈዲንን ማለቴ ነው። ሸረፈዲን ከቁመቱ የተነሳ በቤቴ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ክንዱ የጀልባ መቅዘፊያ የሚያክል ሰው ነው። ኣያ ወልደአማኑኤል ክንዱን ከላይ እስከ ታች አየውና ያችኑ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«በዚህ ክንድ ከሆነ» አለ፣ «ዋጋው ሌላ ነው።»

ሸረፈዲን እስከ ዛሬ እጁን ደብቆ ነው የሚሄደው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ማብሪያውን ጓዳ ውስጥ፣ ከበሩ በላይ ሰቀለው። በርጩማ ላይ ካልወጣሁ አልደርስበትም። ደንበኞቼ «ሐሰን ሊያበራልን ዛፍ ሊወጣ ነው!» እያሉ ሳቁብኝ። የሌላው ሰው ማብሪያ በር አጠገብ ነው፤ እኔ ምን አድርጌው ነው ብዬ ተናደድኩ። እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅሁት።

«የአንተ ሰዎች ውዱእ አድርገው ነው የሚመጡት» አለኝ፣ ሽቦውን ግድግዳ እንዳይነካ በሰካው ነጭ የሸክላ ስኒ ላይ እያሰረ። «እጃቸው ሳይደርቅ ይገባሉ። አንዱ በእርጥብ እጁ ቢነካውስ?»

እኔ መስጊድ አጠገብ ስኖር ይህ አልታየኝም። እሱ ማርያም ሳሚ ክርስቲያን ነው፣ ግን ታየው። ደነገጥኩ። ግን ወዲያው ለስኒዎቹ የጠራውን ዋጋ ስሰማ የበፊቱ ድንጋጤ ጠፍቶ ሌላ ድንጋጤ መጣ።

በዓመቱ አምፖሉ መርገብገብ ጀመረና መልሼ ጠራሁት። ወደ ላይ አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አለ። «ይህን የሠራው ሰው እግዚአብሔርን አይፈራም?»

«ኣያ... አንተ ነህ» አልኩት፣ በጣም ቀስ ብዬ።

ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። «ያኔ አስመራ የላከችው ሽቦ ነዋ!»

እንዲህ እየኖርን ሳለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሚባል ነገር አመጣ። ፈቃድ የሌለው ሰው ከሰኞ ጀምሮ ምሰሶ ላይ ቢወጣ ይታሰራል ተባለ። ፈቃድ ለማግኘት የራስ መሣሪያ፣ በክንድ ፋንታ የብረት ሜትር፣ ከዚያ ደግሞ ዋስ ያስፈልጋል። ገበያው ደስ አለው። ዋጋ ሊረክስ ነው አልን። ከአስመራ ፈቃድ ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች ግን ጣሪያ እንኳ አያዩም፤ ገና በር ላይ ቆመው የሚጠሩት ዋጋ ሰውን ከቆመበት ቁጭ ያደርገዋል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል፣ የኣያ ወልደአማኑኤልን ደንበኞች ሁሉ ማዘጋጃ ቤት ቢሮ ጠሩን። ጸሐፊው አቶ ደሳለኝ የሸዋ ሰው ነው፤ ኮስተር ያለ።

«አቶ ወልደአማኑኤል መሣሪያ አለው፣ ሜትርም ገዝቷል። ዋስ የለውም» አለ። «ዋስ ካላገኘ ዛሬ ጉጠቱን ያስረክባል። ስለ ሥራው የምትሉት ካለ ተናገሩ።»

ወይ ጉድ! ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ብርቄ ቀደመች። «ክንዱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ነው!»

«ለአንዲት አምፖል ሦስት ጊዜ አስመራን አስለቅሶብኛል!» አለ ጨርቅ ነጋዴው አብዱልጀሊል።

ቢሮው በሳቅ ተናወጠ። ኣያ ወልደአማኑኤል ባርኔጣውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። እሱን ወደ ታች ሲያይ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አላስቻለኝም። ቤቱ ያለው ስድስት ነፍስ የሚበላው ከዚያች ጉጠት ነው።

«ደህና» አለ አቶ ደሳለኝ። «እሱ የዘረጋው ሽቦ የመታው ሰው፣ የተቃጠለ ቤት አለ?»

«እሱስ...» አለች ብርቄ፣ ነጠላዋን እየሳበች፣ «እሱስ የለም።»

«እንግዲያስ ማን ዋስ ይሆነዋል?»

ሁሉም የጫማውን አቧራ ማራገፍ ያዘ። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ፤ በልቤ እነዚያን እርጥብ እጆች እያሰብኩ። ቀና ስል እጄ ተነስታ አገኘኋት።

«ሐሰን፣ ዝንብ ልትመታ ነው?» አለ አብዱልጀሊል።

«አይ... ዋስ...»

«ጮክ በል እንጂ!»

«ዋሱ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄን ሰምቼ ራሴ ደነገጥኩ።

አቶ ደሳለኝ ብዕሩን ከመስጠቱ በፊት የዋስነቱን ወረቀት አነበበልኝ። ኣያ ወልደአማኑኤል በዘረጋው ሽቦ ቤት ቢቃጠል ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ሻሂ ቤቴ ከነጀበናው ይሸጣል። ስሜን እስክጽፍ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ።

ባለቤቴ ዘሃራ ስትሰማ ውሃ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

«የሰው ቤት ቢቃጠል የእኛ ቤት ይሂድ ብለህ ፈረምክ?»

«አዎ።»

«ለዚያ ለጣሪያ አልቃሽ?»

«አዎ።»

ጣሳዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ኣያ ወልደአማኑኤል ለሳምንት ያህል ጠፋ። አመሰግናለሁም አላለኝ። ዘሃራ «በል፣ ዋስ የሆንክለት ሰው ኮበለለ» አለችኝ። በኋላ አንድ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ደጃፌ ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ልብሱ ኖራ በኖራ ሆኗል።

«የት ጠፋህ ኣያ?»

«የብርቄን ቤት ሽቦ አውርጄ እንደገና ዘረጋሁት። የአብዱልጀሊልንም። የቀሩትንም ጨረስኩ።»

«ምነው? ደህና አልነበረም እንዴ?»

«ለእኔ ደህና ነበር» አለ። «አንተ ዋስ ለሆንክበት ግን አይበቃም።»

«ማን ከፈለህ ታዲያ?»

«ማንም።»

ይህን ቃል ከእሱ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘሃራ እንኳ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው።

«ዛሬ ደግሞ የአንተ ተራ ነው» አለና መሰላሉን ግድግዳዬ ላይ አስደገፈ። ወጣበት፤ እኔ ከታች መሰላሉን ደገፍኩለት። «ያንተን ግን ትከፍላለህ ሐሰን ሓወይ፤ ሰው ለራሱ ቤት ዋስ አይሆንም።»

ከላይ ሆኖ ዋጋውን ጠራው። ደንግጬ መሰላሉን ልለቀው ነበር። አልለቀቅሁትም፤ እንዲያውም በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩለት።