ጓዳዬን ጨርሼ ወደ ጣና

ወንድ መንገድ ሲያስብ ምን ያደርጋል? ዱላውን ያነሳል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ "በሉ ደኅና ዋሉ" ይላል፤ አለቀ። ሴት ግን ሦስት ቀን ከቤቷ ለመራቅ የሦስት ወር ሥራ ትሠራለች። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቻችን አገር ሳናይ የምናረጀው እግር አጥተን አይደለም፤ መሄዱ ከመቅረቱ ይልቅ ስለሚያደክም ነው።

ይህን ያወቅሁት በስተርጅና፣ ጀልባ የተሳፈርኩ ጊዜ ነው። አትሳቁ እንጂ! ጀልባ ነው ያልኩት። ደብረ ታቦር ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ፣ ሰማዩ የጠራ ዕለት፣ ጣና ከሩቅ ብልጭ ይላል። ኩበት ስለቅም፣ የጠፋ በግ ስፈልግ፣ ስንት ዘመን አየሁት! ሌላው ሰው ንጉሥ ማየት ይመኛል፤ እኔ ያን ብልጭታ መሐሉ ገብቼ ማየት ነበር ምኞቴ። ባሕር ዳር ያለችው ልጄ ሙሉነሽ ይህን ታውቃለችና አንድ ቀን ስልክ ደወለች። በየደሴቱ እያረፈች ጎርጎራ ደርሳ በሦስተኛው ቀን የምትመለስ ጀልባ አለች፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ነው የምትነሳው፣ እኔ ሥራ አለብኝና ብቻሽን ነሽ አለችኝ። ከቀረሽ ደግሞ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለች። ብቻዬን! እኔ ከተዳርኩ ወዲህ ብቻዬን የሄድኩበት ሩቅ አገር ቢኖር ወፍጮ ቤት ነው።

ባለቤቴ አያ ታከለ ነገሩን ሲሰሙ ውሃ የተፈጠረው ለመጠጥ ነው አሉ። አብረን እንሂድ ብላቸው፣ እግሬ መሬት ካልረገጠ ነፍሴ አትረጋም፣ አንች ግን ካማረሽ ሂጅ አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "እኔስ ምን ልበላ ነው?"

ሰውየው ክፉ እንዳይመስሏችሁ። በሬ ጠምደው ሲያርሱ የኖሩ፣ ሦስት ቤት በእጃቸው ያቆሙ ሰው ናቸው። ጉልቻ ዘንድ ሲደርሱ ግን እንደ ሙሽራ ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

እኔም ሥራውን ተያያዝኩት። ያን ሳምንት ያልነካሁት ነገር የቤቱን ምሰሶ ብቻ ነው። ድንቹን ለቀምኩ፣ ጌሾውን ወቀጥኩ፣ ብቅሉን አስፈጨሁ፣ ኩበቱን ደረደርኩ። ዓመት ሙሉ ተሰንጥቆ "አይዞሽ" ሲለኝ የኖረውን ግድግዳ እንኳ ጭቃ አቡክቼ ለሰንኩት። ግድግዳው ሦስት ቀን መታገሥ ያቅተው ነበር ወይ? እንጃ! ሴት ልጅ ልትወጣ ስትል ቤቷ እንደ ልጅ ቀሚሷን ይይዛታል።

ፊደል አልቆጠርኩምና ለአያ ታከለ የጓዳውን ዕቃ ሁሉ በራሴ ጽሕፈት ጻፍኩላቸው። በበርበሬው ቆርቆሮ ክዳን ላይ አንድ ዛላ በርበሬ፣ በሽሮው ላይ አንድ ፍሬ አተር፣ በበሶው ላይ አንድ ፍሬ ገብስ አስቀመጥኩ። ከዚህ የተሻለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ካለ ይምጣ።

ቅዳሜ ደግሞ ትልቁን ነገር አደረግሁ። የቀይዋን ዶሮ አንገት አስቆረጥኩና አሥራ ሁለት ብልት አድርጌ፣ ቅቤውን ሳልሰስት፣ ወጥ ሠራሁ። ለእሑድ ማታ፣ ለሰኞና ለማክሰኞ። ረቡዕማ ጾም ነው፤ ማታም እኔ እደርሳለሁ። አያችሁ፣ ረቡዕ ጾም መሆኑን አልረሳሁም። እንዲህ ያለች አስተዋይ ሴት ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጥቅልሌን ቋጠርኩ። ከባጃጁ ሰውዬ ጋር ስለተቀጣጠርን መጥቶ ደጅ ቆሟል፤ ወደ መናኸሪያ አድርሶኝ በሚኒባስ ባሕር ዳር ገብቼ ከሙሉነሽ ዘንድ ላድር ነው። ጎረቤቴ የሺ ልትሰናበተኝ ገባች። ላሜን እሷ ልታልብልኝ ተነጋግረናል። የሺ ሰው ስትሰናበት ድስት ሳትከፍት አትወጣም፤ ከፈተች።

"አንች፣ ይህ ለማን ነው?" አለች።

ለአያ ታከለ፣ ለሰኞና ለማክሰኞ አልኳት፤ ትንሽም ኮራ ብዬ።

የሺ ክዳኑን እንደያዘች በሌላ እጇ አፏን ያዘች። "በስመ አብ! ነገ ነነዌ ይገባ የለም እንዴ?"

ነነዌን ለማያውቅ ልንገረው። ከዐቢይ ጾም ቀደም ብሎ የሚመጣ የሦስት ቀን ጾም ነው። ቅቤና ሥጋ ይቅርና ምግብ የሚባል ነገር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀመስም። ከዓመት ዓመት ቀኑ ስለሚለዋወጥ ቄሱ አስቀድመው ይናገራሉ። ታዲያ አልተናገሩም? ተናግረዋል! ያለፈው እሑድ ተናገሩ፤ ያን ዕለትም ጠዋት ደገሙት። እኔስ አልነበርኩም? ነበርኩ! "በሰላም ያስፈጽመን" ሲሉ አሜን ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ግን አካሌ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ልቤ ብቅል ያሰጣ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ የለ፤ ጆሮም እንደዚያው ነው ለካ።

አያ ታከለ ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ በትልቅ ተስፋ፣ "ዛሬ ማታ ብጨርሰውስ?" አሉ። አሥራ ሁለት ብልት! ሰውዬ፣ ነነዌን ሳይሆን ተዝካርዎን ልንበላ ነው አልኳቸው።

የሺ ደግሞ ፍርዷን ሰጠች። "እንግዲህ ቅሪያ! ሽማግሌ በባዶ ጓዳ ትተሽ ለሽርሽር ስትሄጅ ሰው ምን ይላል?"

አያ ታከለ ቅሪ አላሉኝም። ቅሪ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼ እወጣ ነበር። ወደ ጓዳው ሄደው የሽሮውን ቆርቆሮ አተሩን ሳይነኩ ትክ ብለው አዩትና በለሆሳስ "ውሃው ነው የሚቀድመው ዱቄቱ?" አሉኝ።

ይህን ጊዜ ጥቅልሌን አስቀምጬ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽሮ ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ትንሽ ነው። ግን ሽሮ ብሠራ ክኩ ይከተላል፣ ክኩን ብሠራ ምስሩ፣ ከዚያ ሚኒባሱ ያልቃል፤ ጀልባዋ ደግሞ የእኔን ድስት አትጠብቅም። ሳምንቱን ሙሉ የሠራሁት ለመሄድ ነበር፤ እነሆ ሥራው ራሱ አስቀረኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የባጃጁ ሰውዬ ጥሩምባውን ነፋና "እማማ፣ ይሄዳሉ ወይስ ይቀራሉ?" አለ።

መልሱን እኔ አልመለስኩትም፤ ጉልበቴ ነው የመለሰው። ብድግ ብዬ፣ ጥቅልሌን አንስቼ፣ ባጃጁ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። እሱም እንዳልመለስ ፈርቶ መሰለኝ ወዲያው ነዳው። እኔ አንገቴን በጎን አውጥቼ "ውሃው ይቀድማል!" እያልኩ እጮሃለሁ። "ሽንኩርቱን አስቀድመው ያቁላሉ! ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ! ወጡንም በየቀኑ ያሙቁት፣ ሐሙስ ይበሉታል፤ እንዳይቀምሱ ብቻ!" ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ወጥቶ ሰማኝ። አዋጅ ነጋሪም እንዲህ አልተሰማ።

ጣና እንዴት ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሰማይ ከላይ ሰማይ ከታች። ደንገል ታንኳ ላይ እንጨት የጫነ ሰው እንደ ዳክዬ ያልፋል፤ ይብራ የሚሉት ትልቅ ነጭ ወፍ ደግሞ ከነከረጢት ምንቃሩ ገበያ እንደሚወርድ ነጋዴ ሰልፍ ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን እጄ ነው። እንዝርቴን ሆን ብዬ ጥዬ ሄጃለሁ፤ የሚለቀም የለ፣ የሚታጠብ የለ። እጄ ጭኔ ላይ ተኝቶ እንደ እንግዳ ሰው አየሁት። መጀመሪያ ቀን አላመነም፤ የተሳፋሪውን ሁሉ ስኒ ሰብስቤ ልጠብ ብዬ የጀልባው ሰዎች ከለከሉኝ። በሁለተኛው ቀን አመነ።

አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ ጎልማሳ ነበረ። "እማማ፣ ነነዌ ነው፣ ጀልባ ላይ ነን፤ ከሥራ ሸሽተው ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩን፣ ማዕበል ሳይነሳ ዕጣ እንጣጣል" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዮናስ ሥራውን ጥሎ ነው የሸሸው፣ እኔ ጨርሼ ነው የመጣሁት፣ ከፈለግህ ግድግዳዬን ሄደህ እይ አልኩት። ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ንፋስ መጣና ጀልባዋ ዘመም አለች። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። እኔም በልቤ ያን የዶሮ ድስት አየሁትና ጮክ ብዬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ንፋሱ አለፈ። ይቅርታ ተደረገልኝ ማለት ነው ብዬ የቀረውን መንገድ ደስ ብሎኝ ተጓዝኩ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። እንግዲህ የማገኘው የከሳ ሽማግሌ ነው እያልኩ ነው መንገዱን ሙሉ የመጣሁት። አያ ታከለ ከደጅ ተቀምጠዋል። ሳያቸው ዓይኔን ጠረግሁ። ሰውየው ወፍረዋል! በነነዌ ጾም የወፈረ ሰው ከእሳቸው በፊት አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ሽሮ ሊሠሩ ተነሱ። ለካ የቀሩት ዶሮዎች ጓዳ ገብተው ደብዳቤዬን፣ አተሩንም ገብሱንም፣ ለቅመው በልተውታል፤ እህታቸውን ስላሳረድኩባቸው የተበቀሉኝ ይመስለኛል። አያ ታከለ ሽሮ ብለው የበሶ ዱቄት ቀቀሉ። የወጣው ነገር ግድግዳ ለመለሰን ይሆን እንደሆን እንጂ አይበላም። ላሟን ልታልብ የመጣችው የሺ አየችና ነጠላዋን አጣፍታ ሰፈሩን ዞረች። ሰፈሩማ ከባጃጁ ላይ አዋጄን ሰምቷል! አንዷ ስልጆ፣ አንዷ እልበት፣ አንዷ ምስር፣ አንዷ የተልባ ፍትፍት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስምንት ቤት በሩን ከፍቶ "አያ ታከለ፣ ይግቡ" ይላል፤ ሰው አይደሉ፣ የማንን ያሳፍራሉ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

"ድስቱስ?" አልኳቸው። እዚህ ላይ ደረታቸውን ነፉ። እሑድ ማታ ፈረሰኛውን በልተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አሙቀውታል። ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ብልት። እውነቴን ነው፣ እንዲያ የወደድኳቸው በሠርጌም ቀን አይደለም።

ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ውለታ ነው" አሉ። "ነገ ጾሙ ሲፈታ ዶሮው አለ፣ እሷም ትመጣለች ብዬ ሁሉንም ጠርቻለሁ።"

ማንን? ስምንቱን ቤት፣ ከነባሎቻቸው! በአሥራ አንድ ብልት! ጌሾው ተወቅጧል፣ ጠላው ግን አልተጠነሰሰም፤ ድንቹ ተለቅሟል፣ አልተላጠም፤ ከዶሮዎቹም ቢያንስ ሁለቱ ለደብዳቤዬ ሊጠየቁ ነው። ያ እንግዳ የሆነብኝ እጄ ግን ምንም አላጉረመረመም፤ እጅጌዬን ሰብስቦ ቀድሞኝ ጓዳ ገባ። እኔም ተከተልኩት፣ ሳቄን እየያዝኩ።

ዮናስንም ቢሆን ዓሣው ወስዶ የተፋው ከሥራው ደጃፍ ነው። ከእኔ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ሲተፋ አገር በሙሉ ጾም ገባ፣ እኔ ስተፋ ሰፈሩ በሙሉ ጾም ሊፈታ ቤቴ መጣ።